በአዲስ አበባ ዙሪያ ሶላር ሲተከል፦ ከማገናኘት በፊት የሚለኩ ነገሮች

ሶላር እንዲተክል ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰንዳፋ የተጠራ ኤሌክትሪሺያን በመጀመሪያ በቤቱ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከነዋታቸው ይመዝግብ። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አያስቸግሩም፤ ሒሳቡን የሚያናጋው የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት ገደማ የሚወስድ ምጣድ ከ48 ቮልት ባትሪ ከ70 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ እንጀራው ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ይጋገር ወይስ ምጣዱ በቆጣሪው መስመር ላይ ይቅር የሚለውን ከቤቱ እመቤት ጋር አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ሲመረጥ ከኪሎዋቱ ጋር ከፍታውም ይታይ። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሆነ መመሪያቸው ላይ ተጽፏል፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ናቸው። ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ አቅም መግዛት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የፓነሎቹ የቮልቴጅ ድምር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፓነል ቮልቴጅ በብርድ ይጨምራል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ሲሆን፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ቮልቴጁ 0.3 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። እያንዳንዳቸው 50 ቮልት የሆኑ 10 ፓነሎች በተከታታይ ቢገናኙ በወረቀት 500 ቮልት ይሆናሉ፤ ውርጭ በጣለበት የኅዳር ማለዳ ግን ወደ 537 ቮልት ይወጣሉ። የ500 ቮልት ጣሪያ ያለው ኢንቨርተር ይህን አይችልም፤ በ9 ፓነል ግን 484 ቮልት አካባቢ ስለሚቆም አይጎዳም። ይህን ትምህርት ያገኘሁት፣ ደንበኛዬ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ኢንቨርተር በእኔ ስሌት ጉድለት ከተቃጠለ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ፓነል ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ በቴስተር ይለካ፤ ከጓደኞቹ የተለየ ቁጥር የሰጠ ይመለስ። ማቀፊያው ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣ ብሎኑ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነጎማው ገብቶ ማገሩን ይያዝ። የባሕር ዛፍ ጥላ አንድ ፓነል ላይ ቢያርፍ የመስመሩን ሁሉ ምርት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ቦታው በጠዋትም በማታም ይታይ።

ተከታታዩ ከተገናኘ በኋላ፣ ኢንቨርተሩ ገና ሳይነካ፣ ድምሩና ፖላሪቲው (የፖዘቲቩና የኔጋቲቩ አቅጣጫ) ይለካ። በ9ኙ ፓነል ከሚጠበቀው 450 ቮልት ይልቅ 350 አካባቢ ከተነበበ አንድ ፓነል ተገልብጦ ተገናኝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የኬብሉ መከላከያ ልባስ በሜገር (የልባስን ጥንካሬ በሚለካው መሣሪያ) ይፈተሽ፤ ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም። ብሬከሩ የግድ የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው የፓነልና የባትሪ ኃይል) ይሁን፤ የዲሲ ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋምና የኤሲ (የተለመደው የቤት መስመር) ብሬከር አያቆመውም። ኃይል እየሄደ ሳለ ማገናኛውን መንቀል ከቶ አይፈቀድም።

የኤርዝ ዘንግ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ብረት) በበጋ ይለካ። የአካባቢው መረሬ አፈር በክረምት እርጥብ ሆኖ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይርቃል።

ሲበራ ቅድሚያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓነሉ፣ በመጨረሻም የቤቱ ዕቃ ይገናኝ። ከመሄድዎ በፊት የቆጣሪውን ዋና ብሬከር አጥፍተው፣ ኢንቨርተሩ እየሠራ ሳለ በቆጣሪው በኩል ያለውን ሽቦ በቴስተር ይለኩ፤ እዚያ አንድም ቮልት ከተመለሰ፣ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ሊሞት ስለሚችል፣ የቆጣሪውንና የኢንቨርተሩን መስመር የሚለየው መቀያየሪያ እስኪስተካከል ድረስ ሥራው አይረከብ።