ጥቅሱን ተዉትና ቡና ጠጡ

አንድ ሰሞን ስልኬ ውስጥ ከ400 በላይ ጥቅስ ነበረኝ። ጀምበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ፎቶ፣ ከላዩ ስለ ጽናት የተጻፈ ነገር፣ ከታች የማላውቀው የፈረንጅ ስም። ጠዋት ጠዋት ለጓደኞቼ እልክ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ከዛ ኮምቦልቻ ከምሠራበት ቦታ ሠራተኛ ሲቀነስ እኔም አብሬ ተቀነስኩ። ያን ቀን ማታ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። አንዱም ጠብ አላለልኝም።

በማግስቱ ደሴ፣ ሰፈራችን፣ ጎረቤታችን ያሉ እናት በራቸው ላይ ቆመው "ምነው ፊትህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "አብሽር ልጄ፣ እኛም ለቡና ሰው ጎሎን ነበር" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። ምን ላድርግ፣ ጀበናው ተጥዷል!

እስቲ ያቺን አንድ መስመር ፍቱልኝ። አይዞህ አለበት። ትፈለጋለህ አለበት። ቀልድም አለበት። 400 ጥቅስ ያልሠራውን እሳቸው በር ላይ ቆመው ሠሩት። ከዛ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል መልቀም ጀመርኩ፤ እንዴት እንደሚለቀም ደግሞ ብዙ ተሳስቼ ነው የገባኝ።

በመጀመሪያ ሩቅ አትሂዱ። አፋችሁ ላይ ካለው ጀምሩ። "አብሽር" እኛ ጋ በቀን ሃያ ጊዜ የሚባል ነው። ባጃጅ ጎማው ቢፈነዳ አብሽር፣ ፈተና ብትወድቅ አብሽር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሽር። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ደስ ይበልህ፣ የምሥራች እንደማለት። እኔ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ሰው ሲያጽናናችሁ ለካ ገና ያልደረሰውን የምሥራች አስቀድሞ እየነገራችሁ ነው።

የከተማውን ስሞችም እንዲሁ አንብቧቸው። እንደሚተረከው ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አዩ። ጅራታም ኮከብ ሲታይ ብዙ ሰው መዓት መጣ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ግን ቦታውን "ደስዬ" አሉት ይባላል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ደግሞ ስሙ አይጠየፍ ነው። ትልቁም ትንሹም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንም የማይጠየፍበት። ስንቴ በአጠገቡ እንዳለፍኩ ቁጠሩልኝ። አንድም ቀን ስሙን እንደ ትእዛዝ አልሰማሁትም ነበር። ከመናደዳችሁ በፊት አንዴ "አይጠየፍ" በሉ፣ ይሠራል።

አሁን ወደ ቡናው። ዋናው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

አቦል ላይ ምንም አትጠብቁ። አቦል የወሬ ነው፦ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ መብራት መቼ መጣ፣ የማን ልጅ ከዐረብ አገር ተመለሰች። ቶና ላይ ሐሜት ሊመጣ ይችላል፣ ጆሯችሁን ጠብቁ (ወይም አትጠብቁ፣ እኔ ማን ነኝ)። የምትፈልጉት በረካ ላይ ነው። ቸኳዩ ሄዷል፣ ዕጣኑ ሊያልቅ ነው፣ ቡናው ቀጥኗል፣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ወጣት አቦሉን ጠጥቶ ስልኩን አይቶ ይነሳል፤ ከዛ አገር ውስጥ ጥበብ ጠፋ ይላል።

አደራ፣ "እማማ ምክር ይስጡኝ" እንዳትሉ። እንዲህ ያላችሁ ቀን ግማሽ ሰዓት ስብከት ትሰማላችሁ፣ እሳቸውም ይደክማሉ። ጥያቄው በእጅ የሚያዝ ነገር ይሁን። እኔ አንዴ በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ከቤት ምን ይዘው እንደወጡ ጠየቅኳቸው። ጀበናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ወጡ፤ የቤቱን ካርታ ረስተው! ልጃቸው መንገድ ላይ ተቆጣቻቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ካርታ ተፈልቶ አይጠጣ።" ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው። ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። ሁሉም ሰው ግን ያንን ጊዜ ማንሳት አይፈልግም። ዓይናቸው ወደ መሬት ከወረደ ጥያቄውን ተዉትና ስኒ አቀብሉ።

ስትሰሙ ፊታቸው ላይ አትጻፉ። ደብተር ያየ ሰው ወዲያው እንደ ራዲዮ መናገር ይጀምራል። ማታ ቤት ገብታችሁ ጻፉት፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ማን፣ ለማን፣ ምን ሆኖ እንደተናገረው አብራችሁ ጻፉ። ይህን የምለው ተረትና ምሳሌዎቻችን እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ ነው። አንዱ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይላል፤ ሌላው "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይላል። እኔ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ የመጀመሪያውን ተጠቀምኩ። አላለፍኩም።

ድፍረትን ከፈለጋችሁ ደግሞ የሚፈሩበት ቦታ ሂዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ጉሙ ከመስኮቱ ውጪ እጃችሁን እንኳ አያሳያችሁም። አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጬ ሾፌሩን "ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን አይፈሩም?" አልኳቸው። "እፈራለሁ እንጂ! ለዛ አይደል በሁለተኛ ማርሽ የምነዳው።" ደብተሬ ገጽ 4። ከዛ በፊት ደፋር ማለት የማይፈራ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ነገር ሲመጣ፣ ብድር መጠየቅም ይሁን ይቅርታ መጠየቅ፣ "በሁለተኛ" እላለሁ ለራሴ። ቀስ እያልኩ እገባበታለሁ። ከመኪናው ስወርድ ረዳቱ ደግሞ የራሱን ጨመረልኝ፦ "ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል!" ለኔ ይሁን ለሾፌሩ አልገባኝም።

ፍቅርን በተመለከተ ብዙ አልጽፍም፤ ቅሬ ግቡ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ወርሃዊውን ከፍላችሁ ብቻ አትቅሩ፣ ድንኳን ሲተከል ሂዱ፣ አግዳሚ ተሸከሙ፣ ውሃ ቅዱ። በአንድ ምርቃት ላይ "አሜን" እና "አሚን" እኩል ሲወጣ እዛ ትሰሙታላችሁ። እኔ የማልወደውን ጎረቤቴን መውደድ የጀመርኩት አንድ አግዳሚ ጫፍና ጫፉን ይዘን አቀበት ስንወጣ ነው። እሱ ከኋላ ነበር፣ ክብደቱ ወደሱ ነው የሚሄደው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቀልድም የሚገኘው እዛው ነው፣ ለቅሶ ቤት። የመጀመሪያው ቀን አይደለም፣ ነውር ነው። ግን ሦስተኛው ቀን አካባቢ አንድ ሰው ስለ ሟቹ የሆነ ነገር ያነሳል፣ ሰውየው እንዴት በካርታ ጨዋታ ያጭበረብር እንደነበር፣ ከዛ ከልጆቹ አንዱ ሳያስበው ይስቃል። ማን እንደጀመረው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ማንን እያየ እንደጀመረው ልብ በሉ። ጎበዝ ቀልደኛ ፊቱ አይፈታም፣ መጀመሪያም በራሱ ላይ ነው የሚቀልደው። ከሱ በታች ባለ ሰው ላይ የሚቀልደውን ደብተራችሁ ውስጥ አታስገቡት፣ ቢያስቃችሁም።

በመጨረሻ ደብተሩን አጣሩት። በወሩ አንዴ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ቃል "በዚህ ወር ተጠቀምኩብህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ለራሳችሁም ለሌላ ሰውም ካልተጠቀማችሁበት ሰርዙት። ጨከን በሉ። እኔ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቼ ከተማውን ቁልቁል እያየሁ የጻፍኳቸው ሁለት ገጽ የራሴ "ጥልቅ ሐሳቦች" ነበሩ። ሁለቱም ገጾች ተቀደዋል።

የኔ ደብተር አሁን ገጽ 31 ላይ ነው። ገጽ 12 ላይ ቡና ፈሶበት አንድ መስመር አይነበብም፤ የጎረቤታችን እናት ስለ ትዳር የተናገሩት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ያቺ ስለ ትዳር የተናገሯት ምን ነበረች፣ አልኳቸው።

"እኔ? ስለ ትዳር?" አሉ። "አልወጣኝም። ይልቅ ተቀመጥ፣ ቶናው ደርሷል።"