የተርብ ጎጆ አወረዳችሁ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ተሠራ

ተርብን ከንብ መለየት አያቅታችሁም ብዬ ልጀምር። ንብ ከሆነ ንብ አርቢ ጥሩ፤ የምጽፈው ስለ ተርብ ነው።

ምልክት፦ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ወይም ከበረንዳ ጥግ፣ የተዘረጋች ጃንጥላ የመሰለች ግራጫ ጎጆ ተንጠልጥላ ነበር። በመጥረጊያ መትታችሁ ጣላችኋት። በሳምንቱ እዚያው ጥግ ሌላ አለች።

ምክንያት፦ ለዚህ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ የሚያማው መድኃኒቱን ነው። «ፍሊቱ ውሃ ነው» ይሉኛል። እኔም ፍሊት ላይ ቂም አለኝ፣ እመጣበታለሁ፤ ጎጆውን የመለሰው ግን የመታችሁበት ሰዓት ነው። በቀትር ስትመቱ ብዙዎቹ ተርቦች ቤት የሉም። አባጨጓሬ ለማደን፣ ውሃ ለመቅዳት፣ ካልተቀባ በርና አጥር ላይ እንጨት ለመፋቅ ወጥተዋል። ጎጆው እኮ በምራቅ የታኘከ እንጨት፣ ማለትም ወረቀት ነው፤ ጸጥ ባለ ሰዓት በሩ አጠገብ ብትቆሙ ሲፍቁ ይሰማል። የወጡት ሲመለሱ ጎጆው የለም፤ ቦታውን ግን አይረሱትም።

ሌላም የምትረሱት ነገር አለ። ጎጆውን ከጣሪያው ጋር የያዘችው አንዲት ቀጭን ዘንግ ናት፤ እኔ እትብት እላታለሁ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩአት ጥቁርና የምታብረቀርቅ ናት፤ ጉንዳን እንዳይወጣባት ተርቧ ከሆዷ የምታወጣውን ፈሳሽ ትቀባታለች። መጥረጊያ ሲያርፍበት ጎጆው ይወድቃል፣ እትብቷ ትቀራለች።

አንድ አዛውንት ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። በባትሪ ሳይ፣ መዳፍ በማታክል ቦታ ላይ የእትብት ጉቶዎች እንደ ልጅ ጥርስ ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ አወረዱት?» ብላቸው፣ «ሦስት» አሉ። ጉቶው አራት ነው። አራተኛው የልጃቸው መሆኑ ኋላ ተገለጠ፤ ለካ ያን ሰሞን ዐይኑ ያበጠው በኳስ አልነበረም።

መፍትሄ፦ ቀን ከሩቅ ሆናችሁ ጎጆው ያለበትን ቦታና የምትሸሹበትን መንገድ ለዩ። ሥራው ግን ከመሸ በኋላ ነው፤ ያኔ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገብተዋል፣ ብርዱም አደንዝዟቸዋል። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩና ጠንካራ ጅረት በሚወረውር መርጫ ሙሉት። ተርብ የምትተነፍሰው በጎኗ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፤ ንጹሕ ውሃ ሰውነቷ ላይ ተንከባልሎ ይወርዳል፣ ሳሙና ያለበት ግን ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ጎጆውን ከሥር ወደ ላይ እስኪርስ አጠጡት፤ የሚነቃነቅ ነገር እስኪጠፋ አታቁሙ። ልክ ከሥሩ አትቁሙ፣ የሚወድቁት አንገታችሁ ውስጥ ይገባሉ። ጎጆው ከምድር ሆናችሁ የማትደርሱበት ከሆነ ተዉት፤ መሰላል ላይ ሆኖ የተነደፈ ሰው የሚጎዳው በመርዙ ሳይሆን በመውደቁ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኑና ራቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ቀይ ብርሃን አይታያቸውም። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ ነጭ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ ወጣሁ። ተርብ በጨለማ የምትበረው ወደ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ የነበረው ቅንድቤ ላይ ነው። ይበቃል።

ሲነጋ የሞተ መሆኑን አረጋግጡና ጎጆውን በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ጣሉት። መሬት ላይ አትተዉት፤ በጎጆው የታሸጉ ጉድጓዶች ውስጥ ያሉት ልጆች ከቀናት በኋላ ክንፍ አውጥተው ሊወጡ ይችላሉ። ከዚያ እትብቷን በቀለም መፋቂያ ከሥሯ ፍቁ፣ ቦታውን በሳሙና እጠቡ። ውጭ ያደረ ካለ ለሦስት አራት ቀን ይመላለሳል፤ ጠዋት ጠዋት እያያችሁ በዚያው በሳሙናው ውሃ ምቱት። ሰዉ ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው።

ፍሊት፦ የቤት ፍሊት ጉም ነው የሚረጨው፤ ሳይገድላቸው በፊት ያናድዳቸዋል። በቀጥታ የሚወረውር የተርብ መድኃኒት ጣሳ ካገኛችሁ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ሞክሩት። አፉ የሚያንጠባጥብ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ኃይሉ የሚያልቅ ጣሳ በእጄ ይዤ ሮጫለሁ። እሳትና የመብራት ሳጥን አጠገብ በፍጹም አትርጩ፤ ሳሙናውንም ቢሆን ኤሌክትሪክ ላይ አታፍስሱ።

ከግድግዳ ስንጥቅ ወይም ከኮርኒስ ቀዳዳ የሚወጡ ከሆነ፦ ቀዳዳውን አትድፈኑ! አትድፈኑ። ከውስጥ ያለው የታሸገ ትልቅ ጎጆ ሊሆን ይችላል፣ ነዋሪውም በሺህ ይቆጠራል። መውጫ ሲያጡ ኮርኒሱን አኝከው ወደ ክፍሉ ይገባሉ። አንዲት እናት ማታ በሲሊኮን ደፈኑት፤ ጠዋት መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ መጋረጃው አይታይም ነበር። ይህ ባለሙያ የሚጠራበት ሥራ ነው፤ ዱቄት መርዝ በመግቢያው ይነፋል፣ ቀዳዳው የሚደፈነው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

መሬት ውስጥ ከሆነ፦ ይህም ለባለሙያ። ቤንዚን የምታፈሱ ሰዎች፣ ምን ላድርጋችሁ? አፈሩን መረዛችሁ፣ ከሥሩ ያለውን ውሃም፤ ከዚያ ክብሪት የሚጭር አይጠፋም። የሣር ማጨጃ ማሽንም አታስጠጉ፣ ንዝረቱ ይቀሰቅሳቸዋል።

የጭቃ ቧንቧ የመሰለ ጎጆ፦ ብቻዋን የምትኖር ተርብ ሥራ ነው፤ ውስጡ ለልጆቿ የታጨቀ ሸረሪት ነው። ጠብ የላትም። ፍቁት።

ማንም የማይደርስበት ጥግ ላይ ያለ ጎጆ፦ ተዉት፣ አባጨጓሬ ይለቅምላችኋል።

ከተነደፋችሁ፦ ተርብ እንደ ንብ መንደፊያዋን ሰክታ አትሞትም፤ ደጋግማ ትነድፋለች። ጎጆው አጠገብ አትጨፍልቋት፣ የመርዟ ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ራቁ፣ ግቡ፣ በሩን ዝጉ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ካዞራችሁ ወይም ሰውነታችሁ ሁሉ ሽፍ ካለ ሰከንድ ሳታጠፉ ሐኪም ቤት። ከዚህ በፊት እንዲህ የሆነ ሰው ጎጆ አጠገብ ድርሽ አይበል። አፍ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ ከነደፈችም እንዲሁ ወደ ሐኪም። ሌላውን በሳሙና አጥባችሁ በረዶ ያዙበት። ጣት ላይ ከሆነ ቀለበቱን አሁኑኑ አውልቁ፤ ካበጠ በኋላ በመቁረጫ ነው የሚወጣው።