ኮሉን ነፍታችሁ አጋዘኑ ካልመጣ ወይ ከሸሸ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አደን የጀመሩ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ግራንት ኮሉን (የወንድ አጋዘን ድምፅ የሚያስመስለውን የሚነፋ ቱቦ) ነፋሁት ምንም አልመጣም ይላሉ። ሌላ ኮል ልትገዙ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን እዩ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮሉ አይደለም።

ችግር፦ ወንዱ ሰምቶ መምጣት ይጀምርና መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ወይ ከኋላችሁ በአፍንጫው ፉፍ ብሎ ይፈረጥጣል።

ምክንያቱ ንፋስ ነው በቃ። ትልቁ ወንድ ድምፁን ስለሰማ ብቻ ቀጥ ብሎ አይመጣም፣ ዞሮ ንፋሱ ከናንተ ወደሱ የሚነፍስበት ጎን ይሄድና ጠረኑን ያጣራል። አንዱን ቀንዱ ስምንት ጫፍ ያለው ወንድ መቼም አልረሳውም፣ አርባ ሜትር ላይ ዛፍ ተከልሎ ቆመ፣ አፍንጫውን ላሰ፣ አንገቱን ዘርግቶ አሸተተ፣ ከዛ ያ ነጭ ጭራው ቀጥ ብሎ ቆመ እና አለቀ።

መፍትሄ፦ ስትቀመጡ ከየት ይመጣል ብላችሁ ብቻ ሳይሆን በየት በኩል ይዞራል ብላችሁ አስቡ። የሚዞርበት ጎን ወንዝ ወይ ገላጣ ሜዳ ይሁን፣ ካልሆነም ጠረናችሁ ጋ ሳይደርስ የምትመቱበት ክፍት ቦታ ይኑራችሁ። ትንሽ ዱቄት ይዛችሁ በየጊዜው በተን እያደረጋችሁ ንፋሱን እዩ፣ ጠዋት የነበረው ንፋስ ፀሐይ ሲወጣ ይቀየራል።

ችግር፦ ይቆማል፣ ትሪ ስታንዱን (ዛፍ ላይ የተቀመጣችሁበትን መደብ) አፍጥጦ ያያል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

እየመጣ ወይ እያያችሁ እያለ ነፍታችኋል ማለት ነው። ድምፁ የመጣበትን ዛፍ ለይቶ ሲያውቅ ያየዋል፣ እዛ አጋዘን የለም። የሚነፋው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ነው። ጆሮውን ካዞረ ወይ ከቆመ ሰምቷል፣ ከዛ በኋላ ዝም! ምንም ካላሳየ ግን ላይሰማ ይችላል በተለይ ቅጠሉ በንፋስ ሲንኮሻኮሽ፣ ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ድገሙት።

ችግር፦ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም።

ወቅቱን እዩ። በኛ አካባቢ ረቱ (የአጋዘኖቹ መራቢያ ወቅት) የሚጦፈው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ለኮል ምርጡ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ያለው ነው፣ ያኔ ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ይዞራሉ ግን ገና አላገኙም። አንዴ ሴት ካገኘ እሷን ጥሎ ለናንተ ድምፅ አይመጣም። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ወንዶች የሚጣሉ ለማስመሰል ሁለት ቀንድ ይዛችሁ አታጋጩ፣ ለስለስ ያለ ግራንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። ሴቶቹ በዝተው ወንዱ ጥቂት የሆነበት ጫካም ቀንድ ማጋጨት ብዙም አይሰራም፣ የሚጣላበት ምክንያት የለውማ።

ችግር፦ ኮሉ ይንጫጫል ወይ ድምፁ ይታፈናል።

ብርድ ሲሆን ምራቃችሁ ኮሉ ውስጥ ያለችው ድምፅ የምታወጣው ቀጭን ምላስ ላይ በረዶ ይሆናል። ጃኬት ውስጥ ደረታችሁ ጋ ያዙት፣ ከነፋችሁ በኋላ አራግፉት፣ ማታ ቤት ፈታችሁ አድርቁት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ በጠመንጃ ሲዝን የሕዝብ መሬት ላይ ቀንድ አታጋጩ። ያን ድምፅ ሰምቶ የሚመጣው አጋዘን ብቻ አይደለም፣ ጠመንጃ የያዘ ሰውም ይመጣል። ብርቱካናማውን ቬስት አታውልቁ፣ ጀርባችሁን ከናንተ በሚሰፋ ዛፍ አስደግፉ፣ ሰው ካያችሁ እጃችሁን ሳታወዛውዙ በሰው ድምፅ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።