የማይቆረጥ ውርስ ያለ ጭቅጭቅ እንዴት ይካፈላል?

ብር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሦስት ልጆች ካሉ ለሦስት ይካፈላል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው የእናት ሲንጀር፣ የአባት ዳዊት፣ ቡፌውና ቤቱ ላይ ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ «ሁሉም ይሸጥና ብሩን እንካፈል» ይላል፣ ወይ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዕጣ ይጥላል። ሁለቱም አድልዎ የለባቸውም፤ ግን ያባክናሉ። መርፌ ይዞ የማያውቀው ወንድም ሲንጀሩ ይደርሰዋል፣ በስፌት የምትተዳደረው እህት ደግሞ ቴሌቪዥን ተሸክማ ትሄዳለች። ዕጣ መጣል ያለበት ለተራ ነው እንጂ ለዕቃ አይደለም።

1. የሚካፈለውን ለዩ። ከወላጆች አንዳቸው በሕይወት ካሉ ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የእሳቸው ነው፤ ውርስ የሚባለው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። ዕዳም ይቅደም። ኑዛዜ ከሌለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ሳይል ለልጆች እኩል ይሰጣል። ስለዚህ «ታላቅ ነኝና እኔ ልምረጥ» የሚለው ከወዲሁ ይቅር።

2. ዝርዝር ጻፉ። አብሮ የሚሄደውን አንድ አድርጉት፦ ጀበናው ከነስኒውና ከነረከቦቱ፣ አልጋው ከነፍራሹ። ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ አይግባ፤ በስልክ አንስታችሁ ለሁሉም ማዳረስ ትችላላችሁ። ቤትና መኪናን ለብቻ አስቀምጧቸው፤ የእነሱ አካሄድ ሌላ ነው።

3. ለተራ ዕጣ ጣሉ፣ ከዚያ ምረጡ። ሦስት ቁርጥራጭ ወረቀት ይበቃል። አንደኛ የወጣው አንድ ዕቃ ይመርጣል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ይመርጣል። እዚህ ላይ ተራው ይገለበጥ፦ ሦስተኛው እንደገና ይመርጣል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አንደኛው። እንዲህ እየተገላበጠ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ካልተገለበጠ አንደኛው በየዙሩ ቀዳሚ ይሆንና ጥሩ ጥሩውን ለቅሞ ይጨርሰዋል።

ይህ ዘዴ ቅናትን ጨርሶ አያጠፋም። ሦስተኛ የወጣችው እህት ሲንጀሩ በመጀመሪያው ምርጫ ሲወሰድ ማየቷ አይቀርም። ነገር ግን ያንን አንድ ዕቃ ወደ ጎን ብትተዉት፣ የወንድሟን ቀሪ ድርሻ ከራሷ አስበልጣ የምታይበት ምክንያት አይኖርም፤ ከዚያ በኋላ እሱ በመረጠ ቁጥር እሷ ቀድማው መርጣለችና። የማይቆረጥ ነገር ሲካፈል ያለ ገንዘብ ቅናትን ጨርሶ ለማጥፋት ሁልጊዜ ቃል መግባት አይቻልም፤ አንድ ሲንጀርና ሁለት ፈላጊ ካሉ አንዱ ባዶ እጁን መቅረቱ ግድ ነው።

4. ቤቱን በፖስታ ወስኑ። ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብሮኒስላቭ ክናስተር ያመነጨው ዘዴ ለዚህ ተስማሚ ነው። እያንዳንዱ ወራሽ ቤቱ ለእሱ ስንት እንደሚያወጣ ለብቻው ጽፎ በፖስታ ያሽገዋል፤ ሽማግሌ ባለበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ታላቅ 6,000,000፣ መካከለኛዋ 5,100,000፣ ታናሽ 4,200,000 ብር ጻፉ እንበል። ቤቱ ከፍተኛውን ለጻፈው ለታላቅ ይሆናል።

አሁን እያንዳንዱ ለሦስት ያካፍል፤ ግን የራሱን ቁጥር። ታላቅ በራሱ ግምት ድርሻው 2,000,000 ስለሆነ የቀረውን 4,000,000 መሐል ላይ ያስቀምጣል። መካከለኛዋ በራሷ ግምት 1,700,000፣ ታናሽ 1,400,000 ያነሳሉ። መሐል ላይ 900,000 ብር ይተርፋል! እሱን 300,000፣ 300,000 ተካፈሉት። በመጨረሻ ታላቅ ቤቱን ይዞ 3,700,000 ይከፍላል፣ መካከለኛዋ 2,000,000፣ ታናሽ 1,700,000 ይወስዳሉ። ሦስቱም «ይገባኛል» ካሉት 300,000 ብር በልጠው ይወጣሉ። ትርፉ የመጣው ግምታቸው ስለተለያየ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጽፉ የሚተርፍ ነገር የለም።

«ቤቱን ባልፈልገውም ግምቴን ከፍ አድርጌ ብዙ ብር ልውሰድ» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሞክረው፤ ከሁሉም በልጦ ከተገኘ ግን የማይፈልገው ቤት በራሱ ዋጋ እጁ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ፖስታው ሳይታሸግ ማንም የማንንም ቁጥር ማወቅ የሌለበት።

የዘዴው እውነተኛ ድክመት ሌላ ነው፦ ገንዘብ ላለው ያደላል። ቤቱ ውስጥ እየኖረ እናቱን ያስታመመው ልጅ ከውጭ አገር ደመወዝ ከሚያገኘው ጋር እኩል መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ክፍያው በስንት ዓመት ተከፍሎ እንደሚያልቅ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ተስማሙ። ከተከፈተ በኋላ የሚመጣ «ጊዜ ስጡኝ» ሌላ ጠብ ነው። ማንም መክፈል ካልቻለ ብቻ ሽጡት።

5. መለዋወጥ ፍቀዱ። ከምርጫው በኋላ አንድ ሳምንት ስጡ። ሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን ሦስቱም በዙር መቀያየር ይችላሉ፦ እኔ ያንተን እፈልጋለሁ፣ አንተ የእሷን፣ እሷ የእኔን። ሁለት ለሁለት ሲሞከር እምቢ ያለው ብዙ ጊዜ በዙር ይሳካል። የሒሳብና የኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ ሎይድ ሻፕሊና ኸርበርት ስካርፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ያጠኑት ይህንን ልውውጥ ነው፤ በኋላ የኢኮኖሚክስ ሊቁ አልቪን ሮዝና ባልደረቦቹ ሐሳቡን ኩላሊት የሚለግስ ዘመድ እያላቸው ለማይስማማቸው ሕመምተኞች ተጠቀሙበት። ለቡፌና ለማቀዝቀዣማ ምን ያቅተዋል!

6. ጻፉት። የዕቃው ዝርዝር በየስሙ ተጽፎ ሁሉም ይፈርሙበት፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። የቤቱን ስምምነት ግን በሽማግሌ ፊት በመጨባበጥ አትለፉት፤ በጽሑፍ አድርጋችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አጽድቁት። ስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍልም እዚያው ወረቀት ላይ ይግባ።