ባሏን የቀበረች ሴት በሠልስቱ አትጽናና፦ በክርስቲያን ሴቶች ልቦለድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ሀዘንና ስለ ትዳር የሚጻፍ መንፈሳዊ ልቦለድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በችኮላ ነው። የአንባቢዋ እንባ ገና ሳይመጣ ጸሐፊዋ ማጽናናት ትጀምራለች። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚወለዱ ናቸው። ምሳሌዎቹ ታሪካቸውን ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ ለሚያስቀምጡ ይመቻሉ።

ሀዘንን በሁለት ገጽ መጨረስ

ባል በሦስተኛው ምዕራፍ ይሞታል፤ በአራተኛው ሚስቱ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ብላ ትነሣለች። ይህን አንባቢ አያምንም። ለቅሶ የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው፤ በኦርቶዶክስ ቤት ከቀብር በኋላ ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ይመጣሉ። መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ቀኖች ወረቀት ላይ ያስፍሩና በእያንዳንዱ ፊት ሁለት ነገር ይመዝግቡ፦ ቤቱ ውስጥ ማን አለ? መምጣት ያቆመው ማን ነው? ድንኳኑ እስካለ ድረስ ሀዘንተኛዋ ብቻዋን አትሆንም። አግዳሚ ወንበሮቹ ተጭነው ሲሄዱ፣ ድስቱና ሰሃኑ ተቆጥሮ ለእድሩ ሲመለስ፣ ግቢው ላይ የካስማው ጉድጓድ ብቻ ይቀራል። ከባዱ ሀዘን የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ረቂቅ ግን እዚሁ ላይ «ጊዜው አለፈ» ብሎ ይዘላል።

የሚዘለውን ጊዜ በአንዲት ትንሽ ነገር መያዝ ይቻላል። ሴትየዋ በሦስተኛው ሳምንት ቡና ልታፈላ ተነሥታ፣ ስኒ ስትደረድር በልማድ የእሱንም ታወጣለች። አቦሉ ወርዷል። ስኒውን ትመልሰዋለች? ወይስ ቀድታለት እስኪቀዘቅዝ ታየዋለች? ይህን ይጻፉ። ጥቅሱ ይቆይ።

ቀን ሲመርጡም ይጠንቀቁ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት ለምእመኑ ሁሉ ጸሎተ ፍትሐት አስቀድሞ ይደረሳል። ባልዎን (የታሪክዎን ባል ማለታችን ነው) የሕማማት ረቡዕ ገድለው ሐሙስ ፍትሐት ካስደረጉለት አንባቢ ወዲያው ይይዝዎታል። እውነቱን ከያዙት ግን ትልቅ ትዕይንት አገኙ ማለት ነው፤ ሚስቲቱ እሑድ ዘንባባ ይዛ አጠገቡ ቆማ የሰማችው ጸሎት ለእሱ እንደነበረ የሚገባት በአራተኛው ቀን ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ መደገስም የዚሁ ዓይነት ስህተት ነው።

የሁለት ቤተ እምነት አነጋገር መቀላቀል

በወንጌላውያን ቤት ተዝካር የለም፤ ለሟች ነፍስም አይጸለይም። ስለዚህ ፓስተሩ «ነፍስ ይማር» ሲል ካሳዩት ታሪኩ ይፈርሳል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሁለቱንም ቤት ያግባባል። የመዝሙር ቁጥርም ይለያያል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ለኦርቶዶክሷ መዝሙር 22፣ ለወንጌላዊቷ 23 ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ከሁለቱ ወገን ከሆኑ ልዩነቱን አይደብቁት። አንዷ የባሏን አርባ ስታወጣ ሌላዋ ሽንኩርት ስትልጥ አድራ፣ የተዝካሩ ጸሎት ሲጀመር ከጓዳ የማትወጣ ከሆነ፣ ስለ ጓደኝነታቸው ብዙ ተናገሩ ማለት ነው።

ከተማውን ጌጥ ማድረግ

የከዚራን ሰፈርና ባቡር ጣቢያውን መጥራት ብቻውን ታሪኩን ድሬዳዋ አያደርገውም። ለቅሶው ቤት ውስጥ ሙስሊም ጎረቤት ከሌለ የተጻፈው ሌላ ከተማ ነው። ጎረቤት ካለ ደግሞ ምግቡን ያስቡበት፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ስለዚህ በሰርጉ ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ አለ። ሐረር ውስጥ የሐረሪ ጎረቤቶች የመረዳጃ ማኅበራቸውን አፎቻ ይሉታል፤ በእነሱ አፍ እድር ብለው አይጻፉት። በሰኔ ቀትር ድሬዳዋ ላይ ጋቢ ያስለበሱ ደራሲዎች አሉ፤ ጋቢው ለሐረር ማታ ይሁን። ታሪክዎ ድሬዳዋን የመታውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የሚነካ ከሆነ የመጣው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ባሏን ጎርፍ ለወሰደባትና አስከሬኑ ላልተገኘላት ሴት አርባው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ታሪኩ ሊጠይቅ ይገባል።

ጸሎት ባልን በአንድ ሌሊት ሲለውጠው

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ባል ይጠጣል፣ ይመታል፤ ሚስት ትታገሣለች፣ ትጸልያለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ አልቅሶ ይመለሳል። በቤቷ እየተመታች ይህን የምታነብ ሴት እንደ ምክር ትወስደዋለች፣ አንድ ዓመትም ትጨምራለች። ይቅርታ ከመምጣቱ በፊት አንባቢ በዓይኗ የምታያቸው ቢያንስ ሦስት ድርጊቶች ይኑሩ፣ በመካከላቸውም ወራት ይለፉ፦ ደሞዙን ቆጥሮ ያምጣ፤ የጠጪ ጓደኞቹን ጥሪ አንድ ቀን እምቢ ይበል፤ ባዋረዳት ሰዎች ፊት ይቅርታ ይጠይቃት። በመሀል የንስሐ አባት ወይም መጋቢ፣ ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤትም ይታዩ። ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ብትቆይ እምነቷ ጎደለ ብለው አያሳዩ።

ባሏ የሞተባትን ሴት በተመለከተ ሕጉን ማወቅ ሴራውን ያጠነክራል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ሐረር ከሆነ የክልሉን ሕግ ይመልከቱ። በአዋጁ መሠረት ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀን ሳይሞላ በመርህ ደረጃ አታገባም። ሕጉ ግማሽ ዓመት ይላል፣ ሰፈሩ ሙት ዓመት ይጠብቃል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ሐሜት፣ ጥርጣሬና የጓደኛ ዝምታ ይገባሉ። ንብረቱም እንደዚያው ነው። «ቤቱ አሁን የኔ ነው» የምትል ባለታሪክ ብዙ ጊዜ ተሳስታለች፤ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የእሷ ነው፣ የሟች ግማሽ ግን ያለ ኑዛዜ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ ያልፋል። አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ስር፣ ሁለቱም አልቃሽ፣ ሁለቱም ባለመብት። ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ ከየት ይመጣል?

ጓደኛዋን ጆሮ ብቻ ማድረግ

ጓደኛ የራሷ ፍላጎት፣ የራሷ እቁብ፣ የራሷ ጥፋት ይኑራት። አንድ ጊዜ ይሳሳታት፤ «ቢያንስ ልጆች አሉሽ» ብላ ታስቀይም፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት አይነጋገሩ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ፤ ያጠፉት መናገር ሲጀምሩ ነው። ፍቅሯን በሥራ ያሳዩ፦ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታድርስ፣ የተረሳውን የእድር ወርሃዊ ክፍያ ትክፈል።

በስብከት ማውራት

በአንድ ትዕይንት ከአንድ ጥቅስ አይብለጥ። ጥቅሱን ሰርዘውት ትዕይንቱ ካልፈረሰ አያስፈልግም ነበር። ታላቂቱን «እትዬ» ብላ የምታወራ ሴት ስለ ወጪ ስትጨቃጨቅ በድንገት እንደ መጋቢ ማውራት የለባትም።

መጨረሻውን በሰርግ መዝጋት

ባሏ የሞተባት ሴት ደግ ሰው አግብታ ካበቃ፣ ሟቹ ለአዲሱ ባል ቦታ እንዲለቅ የተገደለ ይመስላል። የጥቁሩን መውለቅ ማሳየት ይበቃል። በሙት ዓመቱ ማግስት ጓደኛዋ ነጭ ነጠላ በፌስታል ይዛ ትምጣ፣ ወንበር ላይ ታስቀምጠው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነጠላው ገና ወንበሩ ላይ መሆኑን ያሳዩና ምዕራፉን ይዝጉ።