ትንሽዬ ሚዲ ኪቦርድ እንዴት እንደሚመረጥ

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ስቱዲዮዬ ደሞ አልጋው ጥግ ያለች ጠረጴዛ ናት፣ ስለዚህ 61 ቁልፍ ያለው የሰርግ ኪቦርድ እዚህ አይገባም። ትንሿን ሚዲ ይዤ ስገባ ጎረቤቴ እትዬ "የማን ልጅ መጫወቻ ናት?" አሉኝ፣ ሰክቼላቸው ክራር ሲሰሙ ነው ዝም ያሉት። መጀመሪያ ይሄን እወቁ፣ ሚዲ ብቻዋን ድምፅ የላትም። የቱን ቁልፍ ምን ያህል አጥብቃችሁ እንደመታችሁ ነው ለላፕቶፑ የምትነግረው፣ ድምፁ የሚወጣው ከሶፍትዌሩ ነው።

ስለዚህ አንደኛ፣ ምን ላይ እንደምትሰኩት ወስኑ። ላፕቶፕ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ አንድሮይድ 6 እና ከዛ በላይ የሆነ ስልክ በኦቲጂ ገመድ (ስልክ ላይ የዩኤስቢ እቃ የሚሰካበት ገመድ) ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ ባትሪውን ግን ይበላዋል። ዊንዶውስ ላይ ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ኪቦርዱን አትሳደቡ፣ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ድራይቨር ጫኑና በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 128 አድርጉት፣ በ44100 ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ ጆሮ አያውቀውም። ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ 256 ከፍ ማድረግ ነው። ደሞ በዩኤስቢ ብቻ ኃይል የምታገኝ ትሁን፣ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ አዳፕተር የሚፈልግ እቃ ያው ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ፕላስቲክ ነው።

ሁለተኛ የቁልፍ ብዛት። በሁለት እጅ ፒያኖ ለመጫወት ካሰባችሁ 25 አይበቃም፣ 49 ፈልጉ፣ አለቀ። ለኛ ዜማ ግን 25 ቁልፍ ማለት ሁለት ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ከአንድ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ነው) ነው፣ ቅኝታችን ደሞ በአንድ ኦክታቭ 5 ድምፅ ነው ያለው፣ ይበቃል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከኤፍ ሻርፕ ጀምራችሁ ተጫወቱ፣ ትዝታ ሜጀር ይወጣላችኋል፣ አምባሰል ከፈለጋችሁ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት።

ሦስተኛ ፒች ቤንድ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የምታንሸራትቱበት፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሰው ሁሉ ፓድ (ከበሮ የሚመታባቸው አራት ማዕዘን ቁልፎች) ሲቆጥር ይውላል፣ ማሲንቆ የምትሰሩ ከሆነ ግን ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው መንሸራተት አለበት፣ ካልተንሸራተተ ማሲንቆ ሳይሆን የስልክ ጥሪ ነው የሚመስለው። የአካይ ኤምፒኬ ሚኒ ኤምኬ 3 ፒች በጆይስቲክ ነው፣ ወደ ጎን ስትስቡት ሳታስቡት ወደ ላይ ካመለጠ ሞዱሌሽን (ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያርገበግበው) ይገባል፣ ለምዶ መያዝ ይጠይቃል። አርቱሪያ ሚኒላብ 3 ላይ በጣት የሚነካ ስትሪፕ ነው፣ ኮርግ ናኖኪ 2 ላይ በተን ነው፣ በተን ለማሲንቆ አልመክርም። አሌሲስ ቪ25 እውነተኛ ዊል (በጣት የሚሽከረከር ጎማ) አለው፣ ቁልፎቹም ትልልቅ ናቸው፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ያስቸግራል። እኔን ብትጠይቁኝ ዊል ነው የምመርጠው፣ ቦታ ከጠበባችሁ ስትሪፕ።

አራተኛ፣ ሳትሞክሩ ብር አታውጡ። እኔ ያገለገለች አንድ ገዝቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ቤት ገብቼ ስሰካት፣ አንዷ ቁልፍ በቀስታ ብነካትም 127 ነው የምትሰጠው፣ 127 ደሞ የመጨረሻው ጥንካሬ ነው፣ በየዜማው መሀል ትጮህብኝ ነበር። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ሁሉንም ቁልፍ አንዴ በቀስታ አንዴ በኃይል ምቱ፣ የቬሎሲቲው (የአመታታችሁ ጥንካሬ) ቁጥር ሲለዋወጥ በአይናችሁ እዩ። ፒቹን ስባችሁ ልቀቁት፣ ወደ መሀል በትክክል መመለስ አለበት። ገመዱን ሰክታችሁ ትንሽ አወዛውዙት፣ ከተቋረጠ ሶኬቱ ላልቷል ማለት ነው፣ ተዉት። ከእቃው ጋር ይሰጣል የተባለው ሶፍትዌርም ያገለገለ ላይ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ባለቤት ስም ተመዝግቦ ያልቃል፣ ለሱ ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

አርፔጂዬተር (የያዛችኋቸውን ቁልፎች ራሱ በየተራ የሚመታው) ካላት ቤት ገብታችሁ መጀመሪያ ወደ ትሪፕሌት (ምቱን ለሦስት የሚከፍለው) ቀይሩት፣ ችክችካ 6/8 ስለሆነ ቀጥታው አይገጥምላችሁም። የሳምፕላችሁን (የተቀዳው የመሳሪያ ድምፅ) የፒች ቤንድ ሬንጅም እዩት፣ ብዙ ጊዜ 2 ሴሚቶን (አንዱ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ነው) ላይ ነው ተቀምጦ የሚመጣው፣ ማሲንቆ ላይ 3 ወይ 4 አድርጋችሁ ሞክሩት፣ እትዬ ተኝተው ከሆነ ደሞ በሄድፎን።