ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እንቁላል አልፈለፈል ሲል፦ የማሽን ሙቀትና እርጥበት ችግርና መፍትሄ

ከእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ጋር የሚመጣው መመሪያ ባብዛኛው የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሁለት ነገር ይለወጣል፤ ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ከእንቁላሉ ቅርፊት የሚተነው ውኃ ደግሞ ይፈጥናል። ኮምቦልቻ ላይ ደህና ሲፈለፍል የነበረ ማሽን ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ከታች ያሉት ቁጥሮች ፋን ላለው ማሽን ናቸው። ፋን በሌለው ሳጥን ሙቀቱ የሚለካው በእንቁላሉ አናት ከፍታ ሲሆን ከ38.5 እስከ 39 ዲግሪ ይሁን።

ስክሪኑ 37.7 ይላል፣ በ21ኛው ቀን ግን ጫጩት የለም

ጫጩቶቹ በ22ኛውና በ23ኛው ቀን እየተንጠባጠቡ ከወጡ ሙቀቱ አንሷል ማለት ነው። በ19ኛው ቀን ወይም በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ከወጡ፣ ሰውነታቸውም አነስ ብሎ እምብርታቸው በደንብ ካልተዘጋ ሙቀቱ በዝቷል። በሁለቱም መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው። በፈላ ውኃ መሞከር እዚህ አያዋጣም፤ ውኃ ደሴ ላይ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ መጣል ይመጣል። የሚሻለው ከፋርማሲ የሚገዛ የትኩሳት መለኪያ ነው። ፔርሙስ ውስጥ 38 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃ ያድርጉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሦስት ደቂቃ ያቆዩና ልዩነቱን መዝግበው ማሽኑ ላይ ያስተካክሉ። የማሽኑ የሙቀት መለኪያ ከእርጥበቱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ ውኃ አይንካው፤ በፔርሙስ የተረጋገጠ ሌላ ቴርሞሜትር እንቁላሎቹ መሃል አስተኝቶ ማነጻጸር ይቻላል።

መለኪያው ደህና ሆኖ ሙቀቱ ማታ ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መብራቱ ደክሞ ይሆናል። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ስታብላይዘር ይረዳል፤ ከዚያ በፊት ግን ማሽኑን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማድረግና ከውጭው ግድግዳ ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ይህን ለማግኘት መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ሊያስፈልግ ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ግን አይሁን፤ ከብርዱ ይልቅ ቶሎ የሚገድለው ሙቀት ነው። እንቁላል ከ40.5 በላይ ብዙ አይቆይም።

ጫጩቱ ቅርፊቱን በስቶ እዚያው ደርቆ ተጣበቀ

ይህ የእርጥበት ማነስ ነው፤ ደጋ ላይ በብዛት የሚያጋጥመውም እሱ ነው። ተቃራኒው ምልክት ጫጩቱ አብጦ፣ ለስልሶና እርጥብ ሆኖ መውጣቱ፣ ወይም ፈሳሽ ውስጥ ታፍኖ መሞቱ ነው፤ ያ የእርጥበት መብዛት ነው።

መመሪያው ከ50 እስከ 55 በመቶ ይላል። ደሴ ላይ በዚያው ቁጥር የሚተነው ውኃ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚጨምር ከ60 ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ58 አካባቢ መጀመር ይሻላል። ነገር ግን ይህ መነሻ ብቻ ነው። ደጋ ላይ የኖረች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ብዙ ጊዜ የቅርፊቱ ቀዳዳ አነስ ስለሚል ከቆላ እንደመጣው አይደርቅም። ስለዚህ እንቁላሉን ከመመዘን የተሻለ መንገድ የለም።

አመዛዘኑ ቀላል ነው። እንቁላሉ ወደ ማሽኑ በሚገባበት ዕለት አንድ ትሪ እንቁላል በኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ያስቀምጡና የትሪውን ክብደት ይቀንሱ። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ማጣት አለበት። 50 ግራም የሚመዝኑ 30 እንቁላሎች 1,500 ግራም ናቸው፤ 12 በመቶው 180 ግራም ስለሆነ በቀን 10 ግራም ማለት ነው። በ7ኛው ቀን 70 ግራም ቀንሶ ከተገኘ ልክ ነው። 95 ከቀነሰ እየደረቀ ነው፣ እርጥበቱን ከ5 እስከ 8 ነጥብ ያሳድጉ። 50 ብቻ ከሆነ ከውኃ መያዣዎቹ አንዱን ያውጡ። በ14ኛው ቀን ደግመው ይመዝኑ። የተሰነጠቀ እንቁላል ውኃ ቶሎ ስለሚያጣ ሂሳቡን ያዛባል፤ ከትሪው ይውጣ።

የእርጥበት መለኪያው ራሱ ይዋሻል፤ ርካሾቹ አሥር ነጥብ ሲስቱ የተለመደ ነው። ለመፈተን የሃይላንድ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገው ጭቃ እስኪመስል ብቻ ያርሱት፣ መሟሟት የለበትም። ከመለኪያው ጋር ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ያቆዩት። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት። 68 ካለ ሁልጊዜ 7 ይደምሩ።

እርጥበቱ አልነሳ ካለ ውኃ መጨመሩ ዋጋ የለውም፤ ወሳኙ የውኃው ጥልቀት ሳይሆን ስፋቱ ነው። ጠባብና ጥልቅ ጣሳ በሰፊ ትሪ ይተኩ፣ ጫፉ ከውኃው በላይ የሚወጣ ስፖንጅ ይጨምሩ፣ ለብ ያለ ውኃ ይጠቀሙ። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ እንቁላል ማገላበጥ ቆሞ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 ይሁን። ፍልፈላው ከተጀመረ በኋላ አንዱን ጫጩት ለማውጣት በሩን መክፈት ገና ቅርፊት የበሱትን ሌሎቹን ያደርቃል። የወጣው ጫጩት የአስኳሉ ስንቅ ስላለው ሳይበላ 24 ሰዓት ማሽኑ ውስጥ ቢቆይ አይጎዳም።

ሙሉ ሆኖ፣ ላባ አውጥቶ፣ ቅርፊቱን ሳይበሳ ሞቷል

ሙቀቱና ክብደቱ ልክ ከነበሩ አየር አጥቶ ይሆናል። ፅንሱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ብርድ ይገባል ብሎ የማሽኑን ቀዳዳ በጨርቅ የሚደፍነው ያኔ ነው። ደሴ ላይ ከ14ኛው ቀን ጀምሮ ቀዳዳዎቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁኑ። እርጥበቱ ሲወርድ የውኃውን ስፋት ይጨምሩ እንጂ ቀዳዳ አይድፈኑ። ማሽኑ ባለበት ክፍል ከሰል ማያያዝ፣ ለቡናም ቢሆን፣ ይቅር፤ ከሰሉ ያለውን ኦክስጅን ይበላል፣ ጋዙም ለሰውም ለፅንሱም መርዝ ነው። እንቁላሉ ሲደረደር ሹሉ ወደ ላይ ከሆነም ጫጩቱ በወፍራሙ ጫፍ ያለውን የአየር ክፍል አያገኘውም፤ ሹሉ ወደ ታች ነው።

በ7ኛው ቀን በባትሪ ሲታይ ቀይ ቀለበት ብቻ

ፅንሱ ጀምሮ ሞቷል። እንቁላሉ ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ በመኪና ተንገጫግጮ ወይም የመጀመሪያው ቀን ሙቀት ዘሎ ሊሆን ይችላል። ከመንገድ የመጣ እንቁላል ሹሉ ወደ ታች ሆኖ ለ24 ሰዓት ይረፍ። ማሽኑን ባዶውን አንድ ቀን ያሠሩና ሙቀቱ ሲረጋ እንቁላሉን ያስገቡ። በጠዋት ብርድ የቀዘቀዘ እንቁላል በቀጥታ ሲገባ ላብ ያወጣል፣ ላቡም ባክቴሪያ ወደ ቅርፊቱ ያስገባል፤ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዓት ያህል ይሙቅ። ቀለበትም ደም ሥርም ሳይኖረው ጥርት ያለው እንቁላል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያልዳበረ ነው፤ የማሽኑ ጥፋት ሳይሆን የአውራ ዶሮው ጉዳይ ነው።

መብራት ሲጠፋ

በሩን ያለ ምክንያት አይክፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማሽኑ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ጣል ያድርጉ። መብራቱ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ካለፈው 45 ዲግሪ ገደማ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ፣ እንቁላሉን ሳይነካ፣ ከታች ያስገቡና ሲቀዘቅዝ ይቀይሩ። በመጨረሻው ሳምንት ጫጩቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ አሳሳቢው መታፈን ነው፤ ማሽኑ ቢሸፈንም ቀዳዳዎቹ ክፍት ይቆዩ፣ ፋን ስለማይዞር በየሰዓቱ በሩን ለአፍታ ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥቂት ሰዓት የቀዘቀዘ እንቁላል አይጣልም፤ ፍልፈላው እስከ አንድ ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ማሽኑን እስከ 23ኛው ቀን አያጥፉ።